ሣር የማያበቅለው ስክሪን

ማስታወቂያው ቢጫ ነበር። ጌሙ በተከፈተ ቁጥር ስክሪኑ መሀል ላይ ይደነቀራል፤ ዶብሪላም በተደነቀረ ቁጥር ጥጉ ላይ ያለችውን ምልክት ተጭና ታባርረዋለች። መኸሩን ሙሉ ስታባርረው ከረመች። ነገሩ ግን ስላባረሩት የሚቀር አልነበረም። ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ሲስተም አርጅቷል፤ የሠሩት ሰዎች ከእንግዲህ አይጠግኑትም፤ ስለዚህ ጌሙም ከዲሴምበሩ እድሳት በኋላ በዚህ ሲስተም ላይ አይከፈትም። ተጫዋቾች ወደ አዲሱ እንዲዛወሩ ይመከራሉ።

ዶብሪላ ለመዛወር ፈቃደኛ ነበረች። እምቢ ያለው ኮምፒውተሩ ነው።

ኮምፒውተሩ የልጇ የኦግኘን ነበር፤ ከቤት ሲወጣ እንደ አሮጌ ጫማ ጥሎት የሄደው። ሲሠራ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ከጋለ ደግሞ ቀጥ ይላል፤ ስለዚህ በክረምት ሳይቀር መስኮቱን ገርበብ አድርጋ፣ ካፖርቷን ደርባ ነው የምትጫወተው። ጌሙ የታንክ ውጊያ ነው። ያ ኮምፒውተር ሁሉንም ነገር መሳል ስለማይችል ጥላውን አስወገደችለት፤ ጭሱንም፤ በመጨረሻም ሣሩንና ቅጠሉን። ያኔ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ። ሌላው ተጫዋች ቁጥቋጦ ሥር ያደፈጠ ታንክ ለማየት ዓይኑን ሲያፈጥ፣ በዶብሪላ ስክሪን ላይ ያው ታንክ ራቁቱን ሜዳ ላይ ተገትሮ ይታያል። አብረዋት የሚጫወቱት የቡድኑ ልጆች ይህን አያውቁም። ጋሽ ስቶያን የንስር ዓይን አለው ይላሉ።

ጋሽ ስቶያን ማለት ዶብሪላ ናት።

ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ስሜዴሬቮ ከተማ ባለው ብረት ፋብሪካ ክሬን ስትነዳ ኖራለች። ከጣሪያ ሥር በተንጠለጠለች ክፍል ተቀምጦ፣ የቀለጠ ብረት የሞላ ጋን በሰዎች አናት ላይ ማሳለፍ የለመደ እጅ በማውስ ታንክ ማሽከርከር አያቅተውም። ዶብሪላን ያቃታት ሌላ ነገር ነበር።

ባሏ ድራጎሚር ሳንባውን ታሞ ሲተኛ ኦግኘን ኖርዌይ ውስጥ መርከብ ይጠግን ነበር። ውሉን ሳይጨርስ አትንገሪው አላት ድራጎሚር፤ እሷም አልነገረችውም። ልጁ ሲደውል አባትህ ተኝቷል ትለዋለች፤ ሌላ ቀን ደግሞ ወጣ ብሏል። ለመጨረሻ ጊዜ ወጣ ብሏል ስትለው ድራጎሚር አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተሰክቶለት ነበር። ኦግኘን የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። እስከ አርባው ቆየ። በአርባው ቀን መቃብሩ ዳር፣ ቄሱ እንኳ ፈቀቅ ሳይሉ፣ "አባቴን ልሰናበተው አልሰናበተው አንቺ ወሰንሽልኝ" አላት። ጮኾ ቢሆን ይሻል ነበር። በማግስቱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስትደውልለት ስልኩ አንዴ ጢጥ ብሎ ይቆረጣል፤ ቁጥሯን ዘግቶታል። ኖቪ ሳድ ከተማ መግባቱንም ሚስት ማግባቱንም የሰማችው ከጎረቤት ነው።

አንድ ቀን ክፍሉን ስትጠርግ ኮምፒውተሩን ከፈተችው። ጌሙም አብሮ ተከፈተ፤ የኦግኘን ስም፣ የቡድኑ ስም፣ ማን አሁን እየተጫወተ እንዳለ ሁሉ ተደርድሮ አገኘችው። ልጇ እዚያ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ይሆናል፤ ዶብሪላ ወንበር ሳበችና የጌሙን መመሪያ ማንበብ ጀመረች። ስቶያን የሚል ስም አወጣች፣ ክረምቱን ሙሉ ብቻዋን ተለማመደች፣ እጇ ሲፈታ ቡድኑ እንዲያስገባት ጠየቀች። ጉሮሮዬን ኦፕራሲዮን ስለሆንኩ መናገር አልችልም፣ እጽፋለሁ አለች። እነሱ ግን ይናገራሉ። ማታ እነሱ ከሥራ ሲመለሱ የጆሮ ማዳመጫውን ስታጠልቅ የልጇ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ነው፤ ሲስቅ፣ ሲያስነጥስ፣ ከሚስቱ ከቲያና ጋር ቆሻሻውን ማን ይጣል እያለ ሲጨቃጨቅ። ይህ ነበር ያላት። ቢጫው ማስታወቂያ የሚወስድባትም ይህንኑ ነው።

ኮምፒውተሩን ባለጎማ የገበያ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ወዳለው ወደ ጎይኮ ሱቅ ጎተተችው። ጎይኮ ክዳኑን ከፍቶ አቧራውን እፍ አለና ሳል ያዘው።

"እትዬ ዶብሪላ፣ ይሄ እኮ እንደ እርስዎ ጡረተኛ ነው" አላት። "ልዩነቱ፣ እርስዎ አሁንም ደረጃ ይወጣሉ።"

አዲሱ ሲስተም ገና ሲገባ የሚፈልጋት አንዲት ዕቃ አለች፤ እሷ ከሌለች አልገባም ይላል። በጓሮ በር አስገድዶ ማስገባት ይቻል ነበር፤ ግን ይህ ማሽን ያንን ተሸክሞ ጌም ሊያጫውት ቀርቶ ለመከፈትም የሬሳ ያህል ይከብደዋል። ሻል ያለ አሮጌ ልፈልግልዎት አላት። ዶብሪላ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስሜስ አብሮኝ ይሻገራል? የይለፍ ቃሉን ካወቁት አዎ አላት። አታውቀውም። ያን ጊዜ ጣቷ የመጣለትን ጻፈች፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስታውሰው ኮምፒውተሩ ነው። በኢሜይልዎ እናስመልሰዋለን አለ። ኢሜይሉም የዚያኑ ቀን የፈጠራ ሥራ ነበር፤ ከፍታው አታውቅም። ጎይኮ መሳቅ ጀመረና ፊቷን አይቶ ተወው።

"ከማን ጋር ነው የሚጫወቱት?"

"ከሰዎች ጋር።"

"ሰዎቹ ታዲያ ስልክ የላቸውም?"

ዶብሪላ ቦርሳዋን ዘጋችና ጎትታው ወጣች። ስልክ ነበራቸው። ልጆቹ የሚያወሩበት የስልክ ቡድን አላቸው፤ ቁጥርህን ስጠንና እናስገባህ ብለው ጋሽ ስቶያንን ስንቴ ለምነዋል። ቁጥሯን የሰጠች ዕለት ኦግኘን ስልክ ላይ የሚወጣው ስም ስቶያን አይሆንም። ባለቁልፍ ስልክ ነው ያለኝ እያለች ሸሸች። በሌላ ኮምፒውተር በሌላ ስም ብትመጣስ? ቡድኑ ጀማሪ አያስገባም፤ ብታስለምን እንኳ እንደገና ከዜሮ፣ እንደገና በውሸት። የቀረው መንገድ አንድ ነው፣ መንገር። መንገር ደግሞ ከመጥፋቱ የባሰ ነበር። ልጁ የተቀየማት ስለደበቀችው ነው፤ አሁን ሄዳ፣ በዚያ ላይ ይህን ሁሉ ጊዜ ስደብቅህ ኖሬአለሁ ልትለው ነው።

የምትነግርበትን ቀን ስትገፋ ከረመች። ቡድኑ ለመጨረሻ ጊዜ የገጠመው የቅዱስ ኒኮላ በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር፤ እድሳቱ በማግስቱ ጠዋት ነው። ዶብሪላ ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ አጠፋች። የእሷ ታንክ ከኮረብታ ሥር ቆሞ ሞተሩን ያሞቃል።

"ጋሽ ስቶያን፣ ተኛህ እንዴ?" አለ ግርጋ፤ ከሱቦቲጻ ከተማ የሚጫወት ምላሰኛ ልጅ ነው። "ወይስ ነርሷ ኪኒን ይዛ መጣች?"

"ተወው አንተ" አለ ኦግኘን። "ሁልጊዜ ከኋላ ሲመጡብህ የሚያወጣህ እሱ ነው። ጋሼ፣ ያ ኮምፒውተርህ እንዴት ሆነ? ከነገ ጀምሮ የለህም ማለት ነው?"

የለሁም ብላ ጻፈች።

"የሚያስተካክልልህ ሰው የለም? ልጅ የለህም?"

አለኝ ብላ ጻፈች። ሩቅ ነው።

"ታዲያ ደውልለታ።"

ዶብሪላ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከመስኮቱ የሚገባው ብርድ አንገቷን ይበላታል።

እነሱ ወደ ሌላ ወሬ ገቡ። ኦግኘን ዘንድሮ የቤቱን ስላቫ፣ ያባቱን ቤት ጠባቂ የቅዱስ ኒኮላን በዓል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ቤት ሊያከብር ነው። ያባት ስላቫ ወደ ልጅ ይሻገራል። አባቱ ካረፈ ወዲህ ግን አላከበረም ነበር፤ ሻማውን በየዓመቱ ብቻዋን የምታበራው ዶብሪላ ናት። አሁን የቲያና ወላጆች ይመጣሉ፣ ግርጋም ከሱቦቲጻ ይመጣል፣ ኦግኘን ግን ገና ለበዓሉ እንግዳ በሚቀርበው የስንዴ ንፍሮ ላይ ተሸንፏል። ስንዴውን ለሙከራ ቀቅሎ፣ ፈጭቶ፣ በስኳር አሽቶ ነበር፤ የወጣው ግን የሚበላ ነገር አይደለም። ግርጋ ጡብ ይያያዝበታል ወይ ብሎ ጠየቀ።

የዶብሪላ ጣቶች ተነሱ። ይህን ታውቃለች። ስንዴው እስኪሰነጠቅ ብቻ ቀቅለው፤ ከዚያ እሳቱን አጥፍተህ ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለህ አሳድረው፤ ጠዋት ውሃውን አጥልለህ ንጹሕ ጨርቅ ላይ በትነው፤ ውሃው ሳይመጥ እንዳትፈጭ፤ ሊጥ የሚሆነው ለዚያ ነው። ትጽፋለች፣ ትልካለች፣ ትጽፋለች። ከዚህ በኋላ ምንም ልትነግረው እንደማትችል እያወቀች፣ የቀረውን ሁሉ ባንድ ማታ ልታወርሰው የፈለገች ይመስል ቸኮለች። "ዳቦው ሲቆረስ የመጀመሪያዋን ቁራሽ ለዳኑብ ማስቀመጥ እንዳትረሳ" ብላ ጻፈች። ላከችው።

ከላከችው በኋላ አነበበችው።

ስላቫ የሚያከብር ሁሉ ዳቦ ይቆርሳል። ለወንዝ የሚያስቀምጥ ግን ማንም የለም። የድራጎሚር ቅድመ አያት ጀልበኛ ነበሩ፤ በቅዱስ ኒኮላ ዋዜማ ዳኑብ ከበረዶው ሥር ወስዷቸው መልሶ በሕይወት ተፋቸው፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የመጀመሪያዋ ቁራሽ የወንዙ ናት። በዚያ ቤት ብቻ።

ስክሪኑ ላይ የኦግኘን ታንክ ሜዳ መሀል ቆመ። ከፊት ለፊቱ፣ በእሷ ስክሪን ላይ ከሌለ ቁጥቋጦ ኋላ፣ ሁለት ታንኮች አፈሙዛቸውን ሲያዞሩበት ዶብሪላ ታያለች፤ እሱ አያይም፤ በእሱ ስክሪን ላይ ሣር አለ። ጻፈችለት፦ ሂድ፣ ከዚያ ውጣ። አልተንቀሳቀሰም። ተቃጠለ።

"ምን ሆነሃል አንተ?" ይላል ግርጋ። "ኦግኘን! እንቅልፍ ወሰደህ?"

ከዚያ የኦግኘን ድምፅ መጣ፤ ቀስ ብሎ።

"ጋሽ ስቶያን። ይህን ማን ነገረህ?"

ውሸቱ ዝግጁ ነበር። ሚስቴ የጀልበኛ ልጅ ናት፣ የወንዝ ዳር ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ሳትፈልገው ጣቷ ጻፈው፤ ጥሩ ውሸት ነበር፤ ስሕተት እንኳ የለውም። አባትህ ወጣ ብሏል ካለችበት ከዚያው ከረጢት የወጣ ነው። መላኪያው ላይ ጣቷን አሳርፋ ቆየች። ከዚያ አንድ በአንድ አጠፋችው።

"እኔ ነኝ። እናትህ" ብላ ጻፈች።

"ምን?" አለ ግርጋ። "ጋሼ ጠጥቷል እንዴ ዛሬ?"

"ግርጋ፣ ውጣ" አለ ኦግኘን።

"እኔ ምን አደረግሁ—"

"ውጣልኝ አልኩህ እኮ።"

ግርጋ ወጣ። የቀረው የኮምፒውተሯ ማጓራት ነው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

አባትህ ከሞተ ከሁለተኛው ክረምት ጀምሮ ብላ ጻፈች።

ኦግኘን ትንፋሹን ሲስብ ሰማችው። ምን እያስታወሰ እንደሆነ ታውቅ ነበር። ጋሽ ስቶያን ጥሩ አድማጭ ነው፤ ስለማይናገር ልጆቹ ጉዳቸውን ሁሉ ይዘረግፉለታል። ኦግኘን አንድ ማታ ስለ አባቱ ነግሮታል። ስለ እናቱም። እናቴን ሳስባት እህል አይወርድልኝም፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር ጋሼ ብሎ ጠይቆት ነበር። ጋሽ ስቶያንም፣ እኔ እንጃ ብሎ ጻፈለት።

"ስላንቺ ስነግርሽ ቁጭ ብለሽ ሰማሽኝ" አለ።

አዎ ብላ ጻፈች።

"ዛሬም ደብቀሽኝ ነው ያለሽው። ምንም አልተለወጥሽም።"

ስሙ ከአረንጓዴ ወደ ግራጫ ተለወጠ። ዶብሪላ የጆሮ ማዳመጫውን ሳታወልቅ ተቀመጠች፤ ምናልባት ይመለስ ይሆናል ብላ ሳይሆን፣ ማውለቅ ምን እንደሚመስል ስላላወቀች ነው።

ጠዋት ጌሙ ራሱን አደሰ። ቢጫው ማስታወቂያ የለም፤ በቦታው ነጭ ሳጥን መጣ፤ በዚህ ሲስተም ላይ አይከፈትም ይላል፤ ከሥሩ እሺ የምትል አንዲት ቁልፍ ብቻ አለች። እሺ አለች። እንደገና ከፈተች። እንደገና እሺ አለች። ምሳ ሰዓት ሆነ፣ አልበላችም። በሞባይሏ ደወለች፤ ጢጥ ብሎ ተቆረጠ። ኮምፒውተሩን አጠፋች፤ ማጓራቱ ሲቆም ቤቱ እንደ ጉድጓድ ጸጥ አለ። ከዚያ ተነስታ መስኮቱን ዘጋችው። ክፍሉ ቀስ በቀስ ሞቀ፤ ሙቀቱም አስጠላት።

ሌላ አገር ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ስላቫ ግን የራሱ ሕግ አለው፦ ለስላቫ ሰው አይጠራም። ቀኑን የሚያውቅ ይመጣል፣ የመጣውን የሚመልስ የለም፤ ጠላት እንኳ ቢሆን ወንበር ይሳብለታል፣ የቤቱ ባለቤት ቀኑን ሙሉ ቆሞ ያስተናግዳል። ዶብሪላ ይህን ሕግ እንደ ሌባ ልትጠቀምበት ወሰነች። አድራሻውን ማንም አልነገራትም፤ ለጋሽ ስቶያን ግን ተነግሮታል፣ በቁርጥራጭ። ከዓሣ ገበያው ፊት ለፊት። ከሥሩ ፋርማሲ። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ የሞተ። ደወሉ አይሠራም፣ አንኳኩ።

አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዛ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈረች። ደረጃውን ስትወጣ በየፎቁ ቆማ ተመለሺ፣ ተመለሺ አለች ለራሷ። ጠላትን መመለስ ነውር ነው፤ እናትን መመለስ ነውር ይሁን አይሁን ግን ማንም ነግሯት አያውቅም። በሩ ላይ የባሏ የቤተሰብ ስም ተለጥፏል። አንኳኳች።

የከፈተችው ቲያና ናት፤ ድምጿን ከዓመታት የቆሻሻ ጭቅጭቅ ለየችው። ቲያና ግን አላወቀቻትም። ዶብሪላ ስላቫችሁ ይባረክ አለች፤ ቲያናም ይግቡ እማማ ብላ ካፖርቷን ተቀበለቻት።

ኦግኘን መጠጥ የደረደረበትን ትሪ ይዞ ከጠረጴዛው ራስጌ ቆሟል። ከስቷል። አያት።

"እኚህ ማን ናቸው?" አለ ከጠረጴዛው አንዱ፤ ድምፁ የግርጋ ነበር፤ ያሰበችውን ግማሽ ያህላል፣ መነጽር አድርጓል።

ኦግኘን ትሪውን አስቀመጠ።

"ጋሽ ስቶያን ነው" አለ።

ግርጋ ሹካው አፉ ጋ ሳይደርስ ቀረ። የቲያና አባት ሳቅ አለ፤ ቀልድ መስሎታል። ቲያና ባሏን አየች፣ እንግዳዋን አየች፣ ከዚያ ቀልጠፍ ብላ ወንበር ሳበች። ወጉ እንደሚያዘው ንፍሮውን በማንኪያ አቀረበችላት። ዶብሪላ አማተበችና ቀመሰች። ስንዴው ፍርፍር ብሎ፣ ደርቆ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይጣበቅ ነው። በብርድ ልብስ አሳድሮታል። ጨርቅ ላይ በትኖታል።

ልጇ ቀኑን ሙሉ አላናገራትም። የዓሣ ሾርባ እንደ ሌላው ሁሉ አቀረበላት፣ እንደ ሌላው ሁሉ ሳህኗን አነሳ። በስላቫ ቀን የቤቱ ባለቤት አይቀመጥም፤ ስለዚህ አጠገቧ አለመቀመጡ ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም። ግርጋ አንዴ ጎንበስ ብሎ፣ "እትዬ፣ ያ ዓይን ግን የእውነት ነው?" ብሎ በሹክሹክታ ጠየቃት። ኮምፒውተሩ ሣር መሳል ስለማይችል ነው አለችው። "እኛን ደግሞ አዲስ መነጽር ያስገዙን እኮ እርስዎ ነዎት" አለና ወደ ሳህኑ ተመለሰ፤ ኦግኘን እያየው ነበርና።

እንግዳው መሄድ ጀመረ። ኦግኘን በር ላይ ቆሞ ይሸኛል፤ ለቲያና አጎት ስትደርስ ደውል አለው፤ ለጎረቤቲቱም ስትደርሺ ደውዪ አላት፣ ሁለት ፎቅ ብቻ ወራጅ ብትሆንም፤ ሰው ሳቀ። የዶብሪላ ተራ ደረሰ። ካፖርቷን ራሱ አቀበላት። ከዚያ መስኮቱ ሥር ካለች ሳህን ላይ በናፕኪን የተጠቀለለ ነገር አምጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠ። የዳቦ ቁራሽ ነበር፤ የመጀመሪያዋ።

"ወደ ጣቢያው ከመሄድሽ በፊት ወንዙ ጋ ውረጂ" አላት። "አንቺ ጣይው። እኔ ዛሬ ከቤት አልወጣም።"

"እሺ።"

"ኮምፒውተሩስ?"

"አይከፈትም።"

"እንግዲህ መደበቂያ የለሽም።"

"የለኝም" አለች ዶብሪላ።

በሩን ከፈተላት። "ስትደርሺ ደውዪ" አላት፤ ለሁሉም ባለበት በዚያው ድምፅ።

ዳኑብ ግራጫ ነበር። ቁራሹን ስትወረውር ውሃው ሳይነካው አንዲት ወፍ ቀለበችው። ዶብሪላ በወፏ ተናደደች፤ ከዚያም መናደዷ አስቆጣት። አውቶቡሱ ውስጥ ስለዚያች ቃል ስታሰላስል መጣች። ለጎረቤት የተባለ ቃል ነው። ለማንም የሚባል። ሰው ሳያስበው ከአፉ የሚወጣ።

ቤቷ ስትገባ መብራት አላበራችም። የኦግኘን ክፍል ወንበር ላይ፣ ከጠፋው ስክሪን ፊት ተቀመጠች። ምን እንደምትል አልተዘጋጀችም፤ የምታጠፋበት ቁልፍ የለም፣ የተናገሩት አይሰረዝም። ጢጥ የምትለዋን ድምፅ እየጠበቀች ቁጥሩን ነካች።

ጠራ። አልተቆረጠም። እንደገና ጠራ።